የክብሪት ሳጥን መንፈስ፦ ፖል ክሌ ለልጁ የሠራቸው አሻንጉሊቶች

ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ቤርን ከተማ፣ በሠዓሊው በፖል ክሌ ስም የተሰየመ ማዕከል አለ። እዚያ ከተቀመጡት ሥራዎች አንዱ ራሱ የክብሪት ሳጥን የሆነ አሻንጉሊት ነው። ክብሪት ሳጥን እንዲመስል የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ክብሪቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የሚጥለው ያው ሳጥን ነው። ከሥሩ የጨርቅ ቀሚስ ተሰፍቶለታል፤ በቀሚሱ እጅ ይገባል፤ እጅ ሲነቃነቅ ሳጥኑ ያወራል። የተሠራው በ1925 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «የክብሪት ሳጥን መንፈስ» ይባላል።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ ንዴት ነው ብል አላጋነንሁም። ከቤት ዕቃ አሻንጉሊት መሥራትን የሚያስተምር ምክር የትም ብታነቡት አንድ ዓይነት ነው፦ ያረጀ ካልሲ፣ ለዓይን ሁለት ቁልፍ፣ ለፀጉር የሹራብ ክር። ልጁ ይሠራል፤ ሁለት ቀን ይጫወትበታል፤ በሦስተኛው ቀን አሻንጉሊቱ አልጋ ሥር ነው። ካልሲው የሱቅ አሻንጉሊት እንዲመስል ታስቦ ስለተሠራ ምንጊዜም ከሱቁ ያንሳል፤ ልጅ ደግሞ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። የክሌ አሻንጉሊቶችም ሲጀመሩ ከዚህ እምብዛም የራቁ አልነበሩም። አባትየው ከዚያ ተነሥቶ ክብሪት ሳጥኑ ላይ እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። በእነዚህ ዓመታት ከሠራቸው ሃምሳ ያህል አሻንጉሊቶች ሠላሳው ስለተረፉ መንገዱን መከተል ይቻላል።

ከቤቱ ልጀምር። ክሌ በ1879 ቤርን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጀርመናዊ ስለነበሩ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢያድግም ዜግነቱ የጀርመን ነበር፤ ይህ ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1906 ሊሊ ሽቱምፍ የምትባል የፒያኖ ተጫዋች አገባና ሙኒክ ከተማ፣ ሽቫቢንግ በሚባለው ሰፈር፣ አይንሚለር ጎዳና ላይ ቤት ተከራዩ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር መጨረሻ ፌሊክስ ተወለደ፤ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ወቅት የክሌ ስዕል ገንዘብ አያመጣም ነበር። ቤቱን ያቆመው ሊሊ ተማሪዎቿ ቤት ድረስ እየሄደች፣ እነሱም ቤቷ እየመጡ፣ ፒያኖ አስተምራ የምታገኘው ገቢ ነው። ባልየው ቤት ዋለ። ልጁን አጠበ፣ አበላ፣ አስተኛ፤ ምሳና እራት ሠራ። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ክፉኛ ታሞ በነበረበት ጊዜ አባትየው የሙቀቱን መጠን፣ የበላውንና የጠጣውን፣ በኋላም አፉን ሲፈታ ያወጣቸውን ቃላት ሳይቀር ቀን በቀን መዝግቧል። ስዕሉንም የሚሠራው እዚያው ማድ ቤት ነበር።

እኛ አገር «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል» ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚለው አልጠፋም። የያኔዋ ሙኒክም ከእኛ አባቶች እምብዛም የተለየች አልነበረችም። እኔ ግን የአሻንጉሊቶቹ ነገር ሁሉ ከዚህ ማጀት የወጣ ይመስለኛል። የሾርባውን አጥንት የሚያየው ማነው? ምድጃ ሲለኩስ ክብሪቱ እንዳለቀ የሚያውቀው ማነው? ጋዜጣ እያነበበ እራቱ ሲቀርብለት ብቻ ገበታ ላይ የሚሰየም አባት አጥንትን እንደ ምግብ እንጂ እንደ ቅርጽ አያየውም። አጥንት በእጁ አገላብጦ ሙቀቱንና ክብደቱን የሚያውቅ፣ ጉብታውን በጣቱ የሚዳስስ ያበሰለው ሰው ነው።

ሙኒክ ውስጥ አወር ዱልት የሚባል የቆየ ገበያ አለ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ይቆማል። አሮጌ ዕቃ፣ ሸክላ፣ ድስት የሚሸጥበት፣ ለልጆች ደግሞ ብዙ ጨዋታ ያለበት ነው። ፌሊክስ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው የካስፐርልን ድንኳን ነበር። ካስፐርል በጀርመንኛ ተናጋሪው አገር ሁሉ የሚታወቅ የእጅ አሻንጉሊት ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ ምላሱ ስለታም፣ ዱላው ፈጣን። ፖሊስ ሊያስረው ይመጣል፤ ይደበድበዋል። ዲያብሎስ ይመጣል፤ ይደበድበዋል። ሞት ራሱ ሲመጣም ከዱላው አያመልጥም። ልጆቹ ከታች ሆነው «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፌሊክስ እንዲህ ያለውን ጨዋታ እቤቱ ፈለገ።

ዓመቱ 1916 ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሦስተኛ ዓመት መሆኑ ነው። የክሌ ወዳጅ የነበረው ሠዓሊው ፍራንዝ ማርክ በመጋቢት መጀመሪያ ቬርደን ላይ ተገደለ። ከሳምንት በኋላ ክሌ ራሱ በ36 ዓመቱ ለውትድርና ተጠራ። ጀርመናዊ ነውና ስዊዘርላንድ አላስጣለችውም። ደግነቱ ግንባር አልደረሰም፤ ሙኒክ አጠገብ ሽላይስሃይም ወደሚባል የአውሮፕላን ጣቢያ ተላከና የአውሮፕላን ክንፍና አካል እንዲቀባ ተደረገ። (ከዚያ የአውሮፕላን ሸራ ቁርጥራጭ እየወሰደ ኋላ ስዕል ሠርቶበታል፤ ሰውየው ቁራጭ ነገር መጣል አይሆንለትም።) ያ ክረምት ጀርመኖች «የሥራ ሥር ክረምት» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ስም እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ነው፤ ድንች ጠፍቶ ለከብት ይሰጥ የነበረ ሥራ ሥር ሰው የበላበት። ልብስም በፈቃድ ወረቀት የሚገዛ ሆኖ ነበር። ፌሊክስ ዘጠኝ ዓመት የሞላው እንዲህ ባለ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የልደት ስጦታው ስምንት አሻንጉሊቶች ሆኑ። ካስፐርል፣ ጓደኛው ግሬትል፣ ፖሊሱ፣ ዲያብሎሱና ሞት ከስምንቱ ውስጥ ናቸው። የሚጫወቱበትንም መድረክ የሠራለት አባቱ ነው።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ የገበያውን ሰዎች ቃል በቃል የተከተሉ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ጀሶ ነው። ጀሶ ለዚህ ሥራ ርካሽ፣ ታዛዥም ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ሲነካው ለጥቂት ደቂቃ እንደ ወፍራም ገንፎ ይሆናል፤ ይሞቃል፤ ከዚያ ይደርቃል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አፍንጫ ካላወጣችሁ በኋላ በቢላዋ መፋቅ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። አንገቱ ላይ አመልካች ጣት የምታህል ቀዳዳ ይተዋል። አመልካች ጣት ጭንቅላቱን ይሸከማል፤ አውራ ጣትና የመሃል ጣት ወደ ሁለቱ እጅጌዎች ገብተው ክንድ ይሆናሉ። ጨዋታው ሁሉ ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም። የጀሶ ችግሩ ክብደቱ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንዲት ጣቱ ለግማሽ ሰዓት ሊሸከመው አይመችም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ካስፐርል ዱላ ይዞ በሚውልበት ጨዋታ ውስጥ ጀሶ መሰበሩ ነው።

ልብሳቸውን መጀመሪያ የሰፋችላቸው ሳሻ ፎን ሲነር የምትባል የቤርን ወጣት ነበረች። ይህች ልጅ ኋላ ሳሻ ሞርገንታለር ተብላ በአሻንጉሊት ሠሪነት ዓለም ያወቃት ሴት ናት፤ አሁንም በስሟ የሚጠሩ አሻንጉሊቶች አሉ። በኋላ ግን ክሌ መርፌውን ራሱ ያዘ። ከሊሊ የመስፊያ ቅርጫት የጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀመ ይሰፋ ነበር። ስፌቱ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንደሠራው አልነበረም፤ ቁራጭ ከቁራጭ ተገጣጥሞ፣ ክሩ ሳይደበቅ ይታያል። እኔ የምወደው ይህን ዘመን ነው። የሳሻ ልብሶች ያማሩ ነበሩ፤ የክሌ ግን ከጭንቅላቱ ጋር አንድ ሰው የሠራቸው መሆናቸው ያስታውቃል።

በ1920 መጨረሻ ክሌ ባውሃውስ እንዲያስተምር ተጠራ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ጀምሮ ቤተሰቡም ወደ ቫይማር ዞረ። ባውሃውስ በ1919 በአርክቴክቱ ቫልተር ግሮፒየስ የተመሠረተ፣ ሠዓሊውን ከአናጢውና ከሸማኔው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ነው። ፌሊክስም በ14 ዓመቱ እዚያው ገባ፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ትንሹ ነበር። አናጢነት ተማረ።

ለውጡ የመጣው እዚህ ነው። አሻንጉሊቶቹ ከገበያው ድንኳን ወጡ። በ1923 የተሠራው «የኤሌክትሪክ መንፈስ» ጭንቅላቱ የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው። የበሬ አጥንት ጭንቅላት ሆነ፤ የብሩሽ ፀጉር ጢም፣ ያረጀ ፀጉራም ቆዳ ቆብ፣ የለውዝ ቅርፊት የፊት አካል። ከአሮጌ ጓንቲ ዲያብሎስ ተሠራ። በ1925 ደግሞ ትላልቅ ጆሮ ያለው ቀልደኛና የክብሪት ሳጥኑ መንፈስ መጡ።

ልዩነቱ ወዴት እንደሆነ ለማየት ሶኬቱን ጠጋ ብላችሁ አስቡት። ሶኬት ያለበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ «እንዳትነካ!» ተብሎ ያደገ ነው። በ1920ዎቹ ኤሌክትሪክ ለብዙ የአውሮፓ ቤት ገና እንግዳ ነበር፤ ከግድግዳው ጀርባ የማይታይ፣ የማይሸት፣ ግን የሚገድል ነገር አለ። ታዲያ መንፈስ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ክሌ ሶኬቱ ላይ መንፈስ አልጨመረበትም፤ በልጁ ልብ ውስጥ ቀድሞ ለነበረው ፍርሃት ቀሚስ አለበሰው። ክብሪቱም እንደዚሁ ነው። «በእሳት አትጫወት» የተባለ ልጅ እጅ ላይ የክብሪት ሳጥኑ ሲናገር፣ የሚናገረው የተከለከለው ነገር ራሱ ነው። አጥንቱማ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም፤ ትናንት ድስት ውስጥ ነበር። በ1916 ዕቃው ካስፐርልን ለመምሰል ይደክም ነበር። በ1923 ዕቃው የራሱን ታሪክ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። ካልሲና ቁልፍ የሚያስተምሩን ሰዎች የዘለሉት ደረጃ ይህ ነው እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አባትየው ይሠራ ነበር እንጂ አይጫወትም ነበር። አሻንጉሊቱ ካለቀ በኋላ ድምፁም፣ ታሪኩም፣ ስሙም የፌሊክስ ነበር። ዛሬ የምናውቃቸውን ስሞች አብዛኞቹን የሰጣቸው ልጁ ነው። የባውሃውስ መምህራንና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት እየወጣ በእነዚሁ አሻንጉሊቶች በሰዎቹ ላይ ያሾፍ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ሐሜትና ጠብ መድረክ ላይ ይወጣል፤ የሚስቅ ይስቃል፣ ፊቱን የሚያጨማድድም አይጠፋ ይሆናል። ኤሚ ሼየር የምትባል፣ የሠዓሊው ያውለንስኪ ሥራዎች እንዲታወቁና እንዲሸጡ የምትደክም ሴት ነበረች፤ ቤቱንም የምታዘወትር ወዳጃቸው ናት። ክሌ እሷን አሻንጉሊት አደረጋት። በ1922 ራሱንም ሠራ፦ ትላልቅ ዓይኖቹ ፈጠው የሚያዩ አንድ ትንሽ ሰውዬ። ከዚያም ለልጁ ሰጠው። ፌሊክስ እንዳወጋው፣ ሁለቱ መድረክ ላይ በያውለንስኪ ስዕል የተነሣ የተጣሉበት ጨዋታ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ደግ ነው። አባት የራሱን ምስል ሠርቶ፣ እጅህን አስገባና እንደ ፈለግህ አናግረኝ ብሎ ለ14 ዓመት ልጁ ሲሰጥ ቀላል ነገር አይደለም። ባውሃውስ ውስጥ ክሌ የተከበረ መምህር ነው፤ ዝምተኛ፣ ቁጥብ ነበር ይሉታል። ያን ክብር ልጁ በአደባባይ ሲያናግረውና ሲያጣላው ተቀምጦ ያያል። እኛ ልጅ አሻንጉሊት ሲሠራ ስንረዳ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። መቀሱን ለልጁ እንሰጥና ታሪኩን እኛ እንይዛለን፤ «በል እንግዲህ ስለ ንጽሕና አጫውተን» እንላለን። መቀሱን እኛ ይዘን ታሪኩን ለልጁ መተው የሚሻል ይመስለኛል፤ ቢያንስ በዚህ ቤት ያ ሠርቷል።

ክሌ በነገር አያያዙ ጥብቅ ሰው ነበር። ከ1911 ጀምሮ ሥራዎቹን በቁጥርና በርዕስ የሚመዘግብበት ዝርዝር ነበረው፤ እስኪሞት ድረስ ከ9,000 በላይ ሥራዎች ገብተውበታል። ትናንሽ ንድፎች፣ የልጅነት ስዕሎች ሳይቀሩ አሉበት። አሻንጉሊቶቹ ግን የሉም። አንዱም ቁጥር አልተሰጠውም። እኔ ይህን ንቀት አድርጌ አላየውም። ቁጥር ያለው ሥራ ይጠበቃል፣ ይመዘናል፣ ይሸጣል። ቁጥር የሌለው ነገር ልጅ እጅ ላይ ይሰበራል፤ ሲሰበርም ማንም አይቆጣም። የክብሪት ሳጥን ጭንቅላት መሆን የቻለው በዚያ ነፃነት ውስጥ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ የሚፈልገው የለም።

መጨረሻውም እንደ አጀማመሩ ከልጁ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በ1925 ባውሃውስ ከቫይማር ወደ ዴሳው ተዛወረ። ፌሊክስ 18 ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአናጢነት ትምህርቱን ጨርሷል። አባቱም ከዚያ በኋላ አሻንጉሊት አልሠራም። ለሌላ ልጅ ወይም ለሽያጭ ሲል አልቀጠለም። አንድ ደንበኛ የነበረው ሱቅ ደንበኛው ሲያድግ ተዘጋ።

ነገሩን በእጅ ሳይሞክሩ መፍረድ አይገባም ብዬ ባዶ የክብሪት ሳጥን ፈለግሁ። ክብደት የለውም፤ ይህ ከጀሶው የሚበልጥበት የመጀመሪያው ነገር ነው። ወረቀት ጠቅልዬ አመልካች ጣቴን የሚይዝ አንገት ሠራሁና ከሥሩ ለጠፍሁት። ፊት ልስልበት ብዬ ነበር፤ ሳይሳልበት ይሻላል ብዬ ተውሁት፤ በጎኑ ያለው ቡናማ መጫሪያ እንደ ጉንጭ ጠባሳ ይታያል። መሳቢያውን ትንሽ ሳብ ሳደርገው አገጩ ወደ ፊት ወጣ፤ መልሼ ሳስገባው ሳጥኑ አፉን ገጠመ። ጨርቁን አንገቱ ላይ ስቋጥር ሥጋቴ ሙጫው እንዳይለቅ ነበር፤ ለቀቀም፤ ወረቀቱን በመርፌ ወጋግቼ በክር ካሰርሁት በኋላ ግን ቆመ። እንደዚህ ዓይነት ነገር በየቤታችን ሞልቷል። ሲጠባ ያደረ ቅልጥም ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ነጥቶ ሲደርቅ ግማሽ ፊቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ያለቀ የጭራ ጫፍ ጢም ነው። የተቃጠለ የማማሰያ ራስ ሽማግሌ ነው፤ ማንን እንደሚመስል ልጆቹ ይነግሯችኋል። ሶኬቱን ግን ተዉት፤ ክሌ የተነቀለ ሶኬት ተጠቅሟል፤ ልጅ ግድግዳ ላይ ያለውን እንዲያናግር መጋበዝ አያስፈልግም።

ክሌ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከማስተማር ሥራው ተባርሮ ወደ ቤርን ተመለሰ፤ በ1940 ሞተ። ፌሊክስ ጀርመን ቀረ። ሕይወቱን በትያትርና በኦፔራ ዳይሬክተርነት ነው የገፋው፤ ለዚያ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ የትኛው እንደነበር መገመት አያዳግትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ፣ በሶቪየቶች ተማርኮ፣ ከተመለሰ በኋላ በ1948 ወደ ቤርን ገባ። የቀሩትን አሻንጉሊቶች እስከ 1990 ድረስ፣ እስኪሞት ጠበቃቸው። የአባቱ ማዕከል በ2005 ሲከፈት እነሱም ቦታ አገኙ።

ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ግን አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። ቩርትስቡርግ የምትባለው የጀርመን ከተማ በመጋቢት 1945 በአየር ድብደባ ስትነድ አብረው ነደዱ። ካስፐርል ከነዱላው ሄደ፤ ግሬትልና ፖሊሱም። ከዚያ የልደት ስጦታ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ቤርን ሄዳችሁ ብታዩት «አቶ ሞት» ይባላል፤ የ1916 ሥራ ነው፤ ጭንቅላቱ ጀሶ።